ኮትዎን ለብሰው ነው የሚነዱት?

የጓደኛዬ የሰርግ አልበም ውስጥ አንድ ፎቶ አለ። ሙሽሮቹ መሃል ቆመዋል፤ ከሙሽራው አጠገብ ጥቁር ሱፍ ለብሼ ቀጥ ያልኩት አንደኛ ሚዜው እኔ ነኝ። ኮቴ ላይ አንዲት መጨማደድ አይታይም፤ አሁን ከካውያ የወረደ ይመስላል። ፎቶውን የሚያዩ ሰዎች እጄን ደረቴ ላይ ያደረግሁበትን አቋም ያደንቁልኛል። እኔ ግን እጄን እዚያ ያደረግሁት ለፎቶ ብዬ አልነበረም። ከአንድ ሰዓት በፊት ደረቴ ከመኪና መሪ ጋር ተላትሞ ስለነበር መተንፈስ እያመመኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወሩ ጥር ነው፤ የሰርግ ወር። በአበባ ያሸበረቀችውን የሙሽሮች መኪና የምነዳው እኔ ነበርኩ። ሱፉን ለዚያ ቀን ብዬ ነው ያሰፋሁት። ቀበቶውን ደረቴ ላይ ሳሳልፈው አዲሱን ኮሌታ ጭፍልቅ አደረገው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ቀበቶውን ከጀርባዬ አሳልፌ ቆለፍኩት። መኪናዋም ተታለለችና ጩኸቷን አቆመች።

ከፊታችን ባለው መኪና ቪዲዮ ቀራጩ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ይቀርጸናል፤ ከኋላችን አጃቢው ክላክሱን ያንባርቀዋል። የፊተኛው መኪና በድንገት ቆመ። እኔም ፍሬን ያዝኩ። አልተጋጨንም። መኪናችን ቆመች፤ እኔ ግን አልቆምኩም። ፍጥነታችን በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ አይመስለኝም። በኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ የቀለበቶቹ ሳጥን ነበር፤ በእኔና በመሪው መካከል ገብቶ የጎን አጥንቴን አገኘው። ሐኪሙ ስብራት የለም ብሎ አሰናበተኝ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን ስስቅም ሳስነጥስም አለቀስኩ።

ኮት ለብሶ መንዳት ይሻላል ወይስ አውልቆ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስበው ስለ ካውያ ነው። ቢሮ ስንደርስ ጀርባችን ተጨማዶ እንዳይታይ፣ ሰርግ ስንገባ ሰው እንዳይታዘበን። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ግን ማንም ይህን ጥያቄ ቢያነሳልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ኮትዎን ለብሰው ሲነዱ ቀበቶዎ የት ላይ ነው የሚያርፈው?

ቀበቶው የሚፈልገው አጥንት ነው

ዛሬ ሁላችንም የምናስረውን፣ በሦስት ቦታ የሚያዘውን ቀበቶ የሠራው የቮልቮ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ስዊድናዊው ኒልስ ቦህሊን ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1959 ነበር። ኩባንያው የፈጠራ መብቱን ለራሱ ብቻ ይዞ አልቀረም፤ ሌሎች አምራቾችም እንዲጠቀሙበት ክፍት አደረገው። የሐሳቡ ብልሃት ቀላል ነው። ሰውነታችን በድንገት ሲቆም የሚመጣውን ኃይል ለስላሳው ሆድ ሳይሆን ጠንካሮቹ አጥንቶች ይሸከሙት ነው። ስለዚህ የታችኛው ክፍል ዝቅ ብሎ በዳሌ አጥንት ላይ፣ የላይኛው ክፍል ደግሞ በትከሻ መሃል አልፎ በደረት አጥንት ላይ ማረፍ አለበት።

አሁን ቁልፉ የተቆለፈ ኮት ለብሰው መኪና ውስጥ ሲቀመጡ የሚሆነውን ያስቡት። የኮቱ ታችኛ ክፍል ጭንዎ ላይ ተሰብስቦ ያብጣል። ቀበቶው በዚያ እብጠት ላይ ይጋልብና ከዳሌዎ ወደ ሆድዎ ከፍ ይላል። ከውስጥ ያለው የኮቱ ገበር ደግሞ ሸሚዝዎ ላይ እንደ ሳሙና የሚንሸራተት ጨርቅ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በአንድ ሴኮንድ ወደ 14 ሜትር ገደማ መጓዝ ነው። በዚህ ፍጥነት ሲጋጩ ቀበቶው ላልቶ የቆየባት ትንሽ ክፍተት ሁሉ ሰውነትዎ ሳይያዝ ወደፊት የሚወረወርባት ርቀት ናት። ቀበቶው ሆድ ላይ ከተገኘ ደግሞ ከሥሩ ሾልኮ የመውረድ አደጋ አለ፤ ያኔ ጫናውን የሚቀበሉት ጉበትና አንጀት ናቸው።

እውነቱን ለመናገር የሱፍ ኮት ቀጭን ነው። ቤቴ ደጃፍ ላይ በቆመ መኪና ሞክሬዋለሁ። ኮቴን ቆልፌ ሳስር ቀበቶው ከፍቼ ካሰርኩት ሁለት ጣት ያህል ረዘመ። በወፍራሙ የክረምት ጃኬቴ ስሞክር ግን ከስንዝር አላነሰም። ስለዚህ ሱፍ ኮት ብቻውን ገዳይ ነው ብዬ አላስፈራራዎትም። አደገኛው ነገር ኮቱን ለመጠበቅ ብለን ቀበቶው ላይ የምናደርገው ነው። ከጀርባ ማሳለፍ፣ በብብት ሥር ማድረግ፣ ኮሌታው እንዳይጨፈለቅ በእጅ ከደረት ራቅ አድርጎ መያዝ፣ ወይም ዘለበቷን ብቻ ገዝቶ ሰክቶ ጩኸቱን ማስቆም። በብብት ሥር ያለፈ ቀበቶ በግጭት ጊዜ ታችኛዎቹን የጎን አጥንቶች ነው የሚሰብረው። ኤርባግ አለኝ ብለውም አይጽናኑ፤ ኤርባግ የተሠራው ከቀበቶ ጋር አብሮ እንዲሠራ ነው። ያልታሰረ ሰው ከረጢቱ ገና በኃይል እየተነፋ ሳለ ይደርስበታል።

ማውለቅ ካልቻሉ

ከሁሉም የሚሻለው ማውለቅ ነው። ነገር ግን መንገዱ አሥር ደቂቃ ከሆነ፣ ጠዋቱ የሚበርድ ከሆነ ወይም መሥሪያ ቤትዎ ከኮት ጋር ካልሆነ የማያውቅዎት ከሆነ ለብሰው ይቀመጡ፤ ግን እንዲህ አድርገው።

ወንበሩ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት ቁልፎቹን ሁሉ ይፍቱ። ሲቀመጡ የኮቱን ግራና ቀኝ ወደ ጎንና ወደ ጎን ይክፈቱት። የቀበቶውን የታችኛ ክፍል ከኮቱ ሥር አስገብተው ሱሪዎ ላይ፣ ከእምብርትዎ በታች ዝቅ አድርገው ያሳርፉት። የላይኛው ክፍል ትከሻዎ ላይ ከኮቱ በላይ ማለፉ አይቀርም፤ ደረትዎ ላይ ግን ኮሌታውን ገለጥ አድርገው ቀበቶው ሸሚዝዎን እንዲነካ ያድርጉት። ከዚያ ወደ ላይ ሳብ አድርገው ያጥብቁት። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ይሏል ይህ ነው፤ ቀበቶው ቦታውን ያገኛል፣ ኮሌታውም አይጨፈለቅም። ነፍሰ ጡር አንባቢዎቻችን ደግሞ የታችኛውን ክፍል ምንጊዜም ከሆድ በታች፣ የላይኛውን በጡት መካከል ማሳለፍን እንዳይረሱ።

ኪስዎንም ይፈትሹ። ስልክ፣ ብዕር፣ የመነጽር ቤት፣ የቁልፍ ማንጠልጠያ ከቀበቶው ሥር መሆን የለባቸውም። ይህን ከእኔ የጎን አጥንት በላይ የሚያስረዳዎት የለም።

የእጅ ነገርም አለ። በአንድ ትልቅ አደባባይ ዙሪያ መሪ ሲያዞሩ ኮትዎ ብብት ላይ እየጎተተ እጅዎን ሲይዘው ተሰምቶዎት ያውቃል? ብዙ ሰው መፍትሔው ሰፋ ያለ ኮት መግዛት ይመስለዋል። ነገሩ ግልባጭ ነው። የእጅ ጉድጓዱ ወደ ታች የወረደ ሰፊ ኮት ክንድዎን ባነሱ ቁጥር መላ ኮቱን ይዞ ይነሳል፤ ጉድጓዱ ወደ ብብት የቀረበ ኮት ግን ክንድን ለብቻው ይለቀዋል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሲለኩ ወይም ሱቅ ውስጥ ሲሞክሩ እጆችዎን ታች ጥለው መስታወት ብቻ አይዩ፤ መሪ እንደያዙ ሁለቱንም ወደፊት ዘርግተው ያዙሩ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። የዜና አንባቢዎች ትከሻቸው ቀጥ ብሎ እንዲታይ የኮታቸውን ጫፍ ከሥራቸው አድርገው ይቀመጡበታል ሲባል ሰምተው ይሆናል። ለካሜራ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ለመሪ ግን አይሆንም፤ ኮቱ ከታች ስለሚያዝ ክንድዎን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። እርስዎ ሲቀመጡ ጫፉን ከሥርዎ ያውጡት። ለዚህም ከኋላ በግራና በቀኝ ሁለት ስንጥቅ ያለው ኮት አንድ መሃል ስንጥቅ ካለው ይሻላል።

ሰፈራችን ውስጥ ለረጅም ዓመታት የእንግዶች ሾፌር ሆነው የሠሩ አዛውንት አሉ። ሥራቸው ሙሉ ሱፍና ክራቫት ያስገድዳቸው ነበር። እንዴት ሳይጨማደድ ይውል እንደነበር ስጠይቃቸው ሳቁና፣ ኮቱን ነድተውበት እንደማያውቁ ነገሩኝ። እንግዳው ከመግባቱ በፊት ቆመው ለብሰው በሩን ይከፍታሉ፤ እንግዳው ከገባ በኋላ ኮታቸውን አውልቀው አጥፈው ያስቀምጣሉ፤ ሲደርሱ ወርደው ለብሰው በሩን ይከፍታሉ። እንግዶቹ ያዩት የነበረው ሁልጊዜ ኮት የለበሰ ሰው ነው።

ያወለቁትን ኮት የት ያደርጉታል?

አብዛኞቻችን ከኋላ በር በላይ ባለችው መንጠቆ ላይ ከነመስቀያው እንሰቅለዋለን። መኪናዎ ከጣሪያው ጠርዝ ወደ መስኮቱ የሚወርድ የጎን ኤርባግ ካለው ይህ አይሆንም። ኤርባጉ ሲፈነዳ የእንጨቱን ወይም የሽቦውን መስቀያ ወደ ተሳፋሪ ይወረውረዋል። የመኪና አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው ከመንጠቆዋ ላይ ልብሱን ብቻ፣ ያለ መስቀያ እንዲሰቅሉ የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው። የተንጠለጠለ ኮት ደግሞ መስመር ሲቀይሩ ትከሻዎ ላይ ዞረው የሚያዩትን ቦታ ይጋርዳል፤ ስፖኪዮ የማያሳይዎት ሞተር ሳይክል ያለው እዚያ ነው።

የፊት ወንበር መደገፊያ ላይ ማልበስም የተለመደ ነው። እዚህም ይጠንቀቁ። በብዙ መኪናዎች የጎን ኤርባግ የሚወጣው ከፊት ወንበሩ መደገፊያ ውጫዊ ጎን ነው፤ በዚያ ላይ የተሸፈነ ነገር መንገዱን ይዘጋበታል። በነገራችን ላይ በየሱቁ እያሰፋን የምናለብሰው የወንበር ልብስም ያው ነው፤ መደገፊያው ጎን ላይ ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ካለ ያ ቦታ ሳይሰፋ ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ።

ታዲያ የት? የኋላ ወንበር ላይ፣ ታጥፎ። አጣጠፉም እንዲህ ነው። ኮቱን ከፊትዎ ይያዙት፤ አንዱን ትከሻ ገልብጠው ገበሩ ወደ ውጭ እንዲሆን ያድርጉ፤ ሌላኛውን ትከሻ ሳይገለብጡ በተገለበጠው ትከሻ ውስጥ ይሰኩት። አሁን ኮቱ ከገበሩ ጋር ወደ ውጭ ሆኖ በቁመቱ ለሁለት ተከፍሏል፤ ኮሌታውም በውስጥ ተሸፍኗል። ከወገቡ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ለስለስ አድርገው ያጥፉትና ያስቀምጡት። አቧራውም፣ የልጆች የብስኩት ፍርፋሪም የሚያርፈው ገበሩ ላይ ነው። የኋላው መስታወት ሥር ግን አያስቀምጡት፤ ፀሐይ ቀለሙን ትበላዋለች። መኪናውን አቁመው ሲሄዱም ይዘውት ይውረዱ። ከውጭ የሚታይ ኮት ኪሱ ውስጥ ቦርሳ ያለ ያስመስላል፤ መስታወት ለማሰበር ደግሞ መምሰሉ ይበቃል።

ሱፉ ራሱ ምን ይላል?

ንጹሕ የበግ ፀጉር ሱፍ ይቅር ባይ ነው። ክሩ በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ስለሆነ ሰፊ ትከሻ ባለው መስቀያ ሰቅለው ቢያሳድሩት አብዛኛውን መጨማደድ ራሱ ይለቃል። ካልለቀቀ ሙቅ ውኃ በሚወርድበት መታጠቢያ ቤት ውኃው ሳይነካው እንፋሎቱ በሚደርስበት ቦታ ትንሽ ይሰቀል። ተልባ እግር የሚባለው የሊኖ ጨርቅ ግን ገና ሞተር ሳያስነሱ ይጨማደዳል፤ እሱን ለብሶ ቦሌ እስከ መርካቶ መንዳት ተስፋ መቁረጥ ነው። ፖሊስተር የበዛበት ቅርጹን ይዞ ይቆያል፤ በምትኩ ሙቀት ይዞ ያልብዎታል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ መኪና ውስጥ ሲገቡ ይገባዎታል። ሙቀት እንቅልፍም ያመጣል፤ የተጨናነቀ መንገድ ላይ ደግሞ እንቅልፍ የመጨረሻው የሚፈልጉት ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ሱፍም ይቅር አይልም። የሥራ ሱፍዎን አውጥተው ግራ ትከሻውን ከቀኙ ጋር በፀሐይ ብርሃን ያስተያዩት። በእኛ አገር መሪው በግራ ስለሆነ ቀበቶው የሚፈገፍገው ግራውን ነው። ለዓመታት ለብሰው ከነዱ ግራው ትከሻና ጀርባው ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ክሩ ከመፋተግ ብዛት ተኝቷል ማለት ነው። ላውንደሪ አይመልሰውም። ካውያ ሲያስደርጉ እርጥብ ጨርቅ ሳይለብስበት በቀጥታ ከተተኮሰም ያው ነው።

ከኋላ የተቀመጠችው

ከሰርጉ በኋላ ኮቴን እያወለቅሁ መንዳት የጀመርኩ ይመስልዎት ይሆናል። አልጀመርኩም። ቀበቶውን በትክክል ማሰር ጀመርኩ፤ ኮቱ ግን እንደተቆለፈ ቀረ። ያስቀየረኝ ሌላ ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የአዲስ አበባን ብርድ ያውቁታል። ልጃችን ትምህርት ቤት የምትሄደው ያበጠውን ጃኬቷን ለብሳ፣ በልጆች መቀመጫዋ ላይ ታስራ ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀን ስለዚህ አንብባ መጣችና “ና አንድ ነገር ላሳይህ” አለችኝ። ልጅቷን ከነጃኬቷ አስቀምጣ ማሰሪያውን በደንብ አጠበቀችው። ከዚያ ርዝመቱን ሳትነካ ፈታቻት፤ ጃኬቱን አውልቃ መልሳ አሰረቻት። ጥብቅ ነው ያልነው ማሰሪያ በደረቷና በራሱ መካከል እጄን ሙሉ አስገባ። በግጭት ጊዜ የጃኬቱ ጥጥ ይጨመቃል፤ ልጅቷ በዚያ ክፍተት ልክ ትወረወራለች ማለት ነው። እቤትዎ ይሞክሩት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጃኬቷ መኪና ውስጥ ይወልቃል፤ ሹራቧን ለብሳ ትታሰራለች፤ ከታሰረች በኋላ ጋቢ ከላይ ይለብስላታል። ከቀበቶው በላይ ነው፤ ከቀበቶው ሥር አይደለም። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጃኬቷን ሳወልቅላት እያማረረች “አባዬ፣ አንተስ ኮትህን ለምን አታወልቅም?” አለችኝ። ባለቤቴ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ኮቴን አወለቅሁ።

ከፍ ያሉት ልጆች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። የአዋቂ ቀበቶ ቁመታቸው ስለማይደርስለት አንገታቸውን ይፈገፍጋቸዋል፤ ስለዚህ ከጀርባቸው ያሳልፉታል፤ ልክ እኔ በሰርጉ ቀን እንዳደረግሁት። መፍትሔው ቁጣ አይደለም። ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጥ የልጆች መቀመጫ ሲያገኙ ቀበቶው ከአንገት ወርዶ ትከሻ ላይ፣ ከሆድ ወርዶ ዳሌ ላይ ያርፋል። ትንንሾቹ ቦታቸው የኋላ ወንበር ነው፤ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥ የሕፃን መቀመጫ ኤርባግ ባለበት ጋቢና ፈጽሞ አይቀመጥም። ለሰርግ አጀብ ደግሞ ጭን ላይ የያዙትን ልጅ በፍሬን ጊዜ በእጄ እይዘዋለሁ ብለው አይመኑ፤ እኔ የራሴን ደረት እንኳ መሪ ይዤ ማስቀረት አልቻልኩም።

ለሴቶች አንድ ቃል፤ ስለ ኮት ያልኩት ሁሉ ለነጠላም ይሠራል። ነጠላውን አንገት ላይ ጠምጥሞ በላዩ ቀበቶ ማሰር፣ ጫፉን በር ላይ አስይዞ መንዳት፣ የሐበሻ ቀሚስ ጠርዝ ፍሬን ላይ ሲጠመጠም ማየት ለሁላችንም አዲስ አይደለም። ነጠላው ታጥፎ ከኮቱ ጎን ይቀመጥ።

ከፋሲካ በኋላ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ያገባል። መኪናዋን እንድነዳለት ጠይቆኛል፤ እሺ ብያለሁ። ሱፌ ከላውንደሪ መጥቷል፤ በሸሚዝና በክራቫት ነድቼ፣ እዚያ ደርሼ ቆሜ እለብሰዋለሁ። ሙሽሪትም ቬሏን ከኋላ ወንበር ላይ ሰብስባ ቀበቶ እንደምታስር ከአሁኑ ተነጋግረናል፤ እናቷ ትንሽ አጉረምርመዋል። የቀለበቶቹ ሳጥን ዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ይሄዳል።